የጠፋው ሰው ሚስት

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ልብስ በሚታጠብበትና በሚተኮስበት ክፍል፣ ሁሉም ሰው «ካውያዋ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ለእጇ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ያቃጥላል። በተለይ ላግባሽ ባይ ሲመጣ። «ባል አለኝ» ትላለች፤ በቃ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል።

ባል ማለቷ የከባድ መኪና ሾፌሩን ነው። አንድ ጠዋት ጭነት ይዞ ወጣ፤ ወጥቶ ቀረ። መኪናው መንገድ ዳር፣ ቁልፉ እንደተሰካ ተገኘ፤ ሰውየውን ግን የበላው ጅብ አልጮኸም። ልጃቸው ያኔ የወተት ጥርሷ እንኳ አልወለቀም ነበር። ካውያዋ አላለቀሰች፣ ጥቁር አልለበሰች። «ሲመጣ የት ብሎ ይፈልገናል» እያለች ከዚያች ጠባብ ቤት ሳትወጣ ኖረች።

ልጅቷ አድጋ፣ ስንቱ አመልክቶ ጥቂቱ ብቻ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። መቀበሉንስ ተቀበላት፤ ክፍያው ግን የእናቷን የዕድሜ ልክ ደሞዝ ቢደምሩት አይነካካውም። የገንዘብ ድጋፍ ለመጠየቅ ደግሞ የሁለቱም ወላጆች ገቢ መታወቅ አለበት ተባለ። ልጅቷ ደውላ «አባቴ ጠፍቷል» አለች። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፉ ሰው አልነበረችም።

«በሕይወት ካለ የገቢ ማስረጃ፣ ካረፈ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የምንቀበለው። የጠፋ የሚባል ነገር የለንም፣ የኔ እህት።»

እራት ላይ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ይቅር፣ እማዬ» አለች። ይቺ «ይቅር» ናት ካውያዋን አንጀቷን የቆረጠችው። ብታለቅስባት፣ ብትነዘንዛት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ የባሏ ታላቅ ወንድም ዘንድ ሄደች። ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ አንድ ቤት የእጅ መታጠቢያ ሥር ተንበርክከው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ምስክር ይሁኑልኝ።»

«የምን ምስክር?»

«የመሞቱ።»

ሰውየው መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ሬሳውን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁ። ታዲያ ወንድሜን በአፌ ልግደለው?»

«እሱን አልገድልም ብለው ልጁን ይቅበሯታ» አለች። ወዲያው አፈረች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ሰውየው እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩና «መቼ ነው?» አሉ።

ዳኛው ነገር አላበዙም። «ባለቤትዎ ሞቷል ብለው ያምናሉ?» አሉ። «አምናለሁ» አለች፤ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼም ተነሥተው ያንኑ ደገሙ። ሲወጡ ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤ ሰው ገድለው የሚይዛቸው ያጡ ይመስሉ ነበር።

ድጋፉ ተፈቀደ፤ ልጅቷም ሄደች። የጠፋው ባሏ መምጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስትጠብቀው በሕልሟ እንኳ ብቅ ብሎ የማያውቅ፣ አሁን የወንድ ሸሚዝ በተኮሰች ቁጥር ከእንፋሎቱ ወዲያ ይቆማል። አይቆጣም፣ አይናገርም፤ ሸሚዙ የሱ እንደሆነ ሁሉ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ፈራችው። ናፈቀችውም። ሆድ ይፍጀው ብላ ለማንም አልተነፈሰችም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ካውያዋ ተነሣችና መሀል ቤት ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ድሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ «እሱ ይሁን» ይል ነበር። አሁን «እሱ እንዳይሆን» አለ። እሱ ከሆነ ውሳኔው ይፈርሳል፤ ልጅቷም ከትምህርቷ ትመለሳለች። በሩ ደግሞ ተንኳኳ። ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ ከባድ የወንድ ኮቴ ደረጃውን ሲወርድ ሰማች። ያን ጊዜ አላስቻላትም፤ በሩን በርግዳ ወጣች።

ጋሼ ነበሩ። ዞር ብለው አዩዋት።

«ቤት እያለሽ ለምን አትከፍቺም?»

ሰውየው ፊቷን አይተው ገባቸው መሰለኝ፤ የደረጃውን ብረት ይዘው እዚያው ቁጭ አሉ።

«እኔም» አሉ፣ «የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሣም።»