የዝናብ ውኃ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም። በየጾሙ ፊታቸው እየተንበረከክሁ ሐሜቱን፣ መጠጡን፣ የአፌን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ስዘረግፍላቸው ኖሬ፣ ይችን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቼ እነሣለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ድፍረቱ የመጣልኝ በዚሁ ይሆናል። እንግዲህ ስሙኝ። እኔ የአያ ላቀውን ሚስት ገድያለሁ። በጥይት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በታሰርሁ ነበር፤ በቃል ስለሆነ ግን የያዘኝ የለም።

መጀመሪያ አያ ላቀው ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን እኔ ፍኖተ ሰላም የገባሁት በለበስሁት ካፖርት ብቻ ነው። የተበተነ ወታደር ማን ያስጠጋል? ያስጠጉኝ እርሳቸው ናቸው። ሾፌር ነበሩ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የምትመላለስ፣ በንግሥ ሰሞን ደግሞ ጸበልተኛ ጭና ግሽ ዓባይ የምትወጣ አሮጌ ሚኒባስ ነበረቻቸው። ከግቢያቸው አጥር ጥግ የቆርቆሮ ጥላ ሠሩልኝና፣ «በል ወታደር ቤት የተማርኸውን ብየዳ እዚህ ሞክረው» አሉኝ። ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ምሳ በደረሰ ቁጥር በራፋቸው ላይ ቆመው፣ «አንተ ይስማው! ብረት ልትበላ ነው እንዴ? ና ግባ!» እያሉ ይጣሩ ነበር። የእነሱን እንጀራ በልቼ ነው ሰው የሆንሁት። ያጎረሰኝን እጅ ነው የነከስሁት።

አንድ ዓመት በጥር፣ ንግሥ ሲቃረብ፣ አያ ላቀው ለመኪናዋ ፖርቶ መጋላ፣ ያው የጣራ ላይ ዕቃ መጫኛውን፣ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ደንቡ እግሮቹን በጣራው ዳርና ዳር ካለው አሸንዳ ጋር ማጥበቅ ነው። የእርሷ አሸንዳ ግን ዝገት በልቶት ስለነበር መጀመሪያ እርሱ መጠገን ነበረበት። እኔ ምን አደረግሁ? ቸኮልሁ። ጣራዋን በስቼ በቡሎን አሰርሁት። ከየቡሎኑ ሥር ውኃ የሚከለክል ጎማ መግባት ነበረበት፤ ጎማ በእጄ አልነበረም፣ ገበያ ወጥቶ መፈለጉ ደግሞ ሰለቸኝ። በጋ ነው፣ ማን ያየዋል? አልሁ። ለዓይን ግን ጠንካራ ነው። አያ ላቀው ተንጠልጥለው ወዘወዙትና፣ «እሰይ የኔ ልጅ! እጅህ ይባረክ!» አሉኝ። እኔም አሜን አልሁ።

ሰኔ ገባ። ያ የኛ አገር ዝናብ ሲወርድ በተንሸራታቹ በር አጠገብ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ውኃ ይቋጥር ጀመር። «ይስማው፣ ይኼ ውኃ ከየት ነው የሚመጣ?» አሉኝ። የበሩን ጎማ ቀየርን፤ አልቆመም። የመስታወቱን ዙሪያ ማስቲሽ ቀባን፤ እርሱም አልሆነም። በመጨረሻ ዝናቡ ባባራ በአንዱ ቀን፣ እርሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው በባልዲ ውኃ ሊያፈሱ፣ እኔ ወለሉን አድርቄ አመድ ነስንሼ ከውስጥ ልጠብቅ ተስማማን። በደረቅ አመድ ላይ ጠብታ አይደበቅም።

በመስታወቱ በኩል አፈሰሱ፤ አመዱ ደረቅ ነው። በበሩ በኩል አፈሰሱ፤ ደረቅ ነው። «እስቲ አሁን ጣራውን!» ብዬ ጮኽሁ። ብዙም አልቆየ። ከጣራው ጨርቅ ስፌት፣ ከእኔ ቡሎን ልክ ሥር፣ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። በበሩ ቋሚ ላይ ተንሸራትታ ወረደችና አመዱን በሳችው። ሌላይቱ ተከተለቻት።

አየሁ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ያኔ ብናገር ምን ይመጣብኝ ነበር? ይቆጡኛል፤ ቆይተው ይስቃሉ፤ ከዚያ አብረን ፈትተን ጎማውን እናስገባለን። በቃ ይኸው ነው። ታዲያ ምን ያዘኝ? ኩራት ነው የያዘኝ። ያች ጣራ ከተሠራች ወዲህ በከተማው ባለሙያ መባል ጀምሬ ነበራ! እጄን ሰድጄ ጠብታዋን በእጅጌዬ ጠረግኋት። አመዱንም በመዳፌ አበስሁት።

«ምን አየህ?» አሉኝ ከላይ ሆነው።

«ምንም የለ። ጣራው ደህና ነው አያ ላቀው» አልሁ።

በዚች ብቻ በቀረሁ ምን ነበር! ከመኪናዋ ስወርድ ዓይኔ ከወንበር ሥር ከተቀመጠች ጀሪካን ላይ አረፈ። የእትዬ ጥሩወርቅ ነች፤ የጎረቤት ሰው በታመመ ቁጥር ከግሽ ዓባይ ጸበል የሚያመጡባት። ክዳኗ ጠፍቶ በእንጨት ውታፍ ነበር የምትዘጋው። ክረምቱን ሙሉ ከዚያች መኪና ወርዳ አታውቅም። «የዝናብ አይመስለኝም» አልሁ። «ይች ጀሪካን ሳትሆን አትቀርም። የሚፈሰው ጸበል ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያ ላቀው ባልዲውን እንደያዙ ቀስ ብለው ወረዱ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። «በስመ አብ! በጫማዬ ስረግጠው ከረምሁ?» አሉ። አይ፣ መሰለኝ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም ማለት እችል ነበር። ባልዲውን አንሥቼ ወደ ቦታው መለስሁ።

የሚኒባሷ ወለል የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው፤ ውታፉን ነቅሎ ማፍሰስ ነው። እርሳቸው ግን፣ «መንገድ ላይ ፈስሶ ሰውና ከብት ሊረግጠው?» ብለው እምቢ አሉ። በንጹሕ ጨርቅ እያነሡ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወስደው እግር ከማይደርስበት ዛፍ ሥር ይጨምቁት ጀመር። በጨርቅ ምን ያህል ይነሣል? የቀረው ከምንጣፉ ሥር ተኝቶ ድሮም ያረጀውን ብረት ይበላው ነበር። እኔ ከብረት የምኖር ሰው ነኝ፤ ውኃ ተኝቶበት የከረመ ብረት ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረኝም። እያወቅሁ ነው። እትዬ ጥሩወርቅስ? «ለካ ይኼን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበለኝ» አሉና ከዚያ ወዲያ ጀሪካኗን ወለል ላይ አስቀምጠዋት አያውቁም። ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ያን ሁሉ መንገድ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ወለሉ እንደገና በረጠበ ቁጥርም አያ ላቀው፣ «አንዴ ጸበል የነካው ነው» እያሉ በጨርቅ ማንሣታቸውን አልተዉም።

አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ ቡሎኖቹን ከላይ ሬንጅ ቀባኋቸው። ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጠቀ። ፈትቼ እንዳልሠራው፣ «ጣራው ደህና ነው አላልህም ነበር?» ይሉኛል። ጳጉሜ ደረሰ። በጳጉሜ ዝናቡም ጸበል ነው ብሎ ሰው ከነልጁ ደጅ ወጥቶ ሲጠመቅ ሳይ፣ እንግዲያው ውሸቴ ሙሉ ውሸት አይደለም ብዬ በልቤ ተጽናናሁ። እንዲህም ያስባል ሰው! ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ አባቶች። እኔ አራቅሁት፣ አደረቅሁትም። ያ ክረምት አለፈና ሌላው ተተካ።

በሁለተኛው ክረምት መውጫ ከግሽ ዓባይ ሲመለሱ ነው። ከቲሊሊ ወዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ከብት መንገድ ገባባቸው። አያ ላቀው ፍሬን ያዙ። በደህናው ጊዜ ቢሆን ሰው ተንገጫግጮ፣ ሾፌሩን ተቆጥቶ የሚያልፈው ነገር ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ የተቀመጡባት ወንበር ግን በበሩ አጠገብ ነበረችና እግሯ ከነቡሎኗ ከወለሉ ተነቀለች። ያ ወለል እርጥብ ካርቶን ሆኖ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ የፊቱን ወንበር ጨብጦ ተረፈ። እርሳቸው በምን ይያዙ? ሁለቱም እጃቸው ጀሪካኗን እንዳቀፈ ነው። ከፊታቸው ካለው ብረት ጋር በግንባራቸው ተላተሙ። ሆስፒታል ሳይደርሱ ዐረፉ።

መኪናዋን ጎትተው ግቢ ሲያስገቧት ውስጧን አየሁ። ጀሪካኗ ጥግ ላይ ተጋድማለች። አነሣኋት። ሙሉ ነች፣ ውታፏም አልተነቃነቀም። ታፈሳለች ብዬ የመሰከርሁባት ጀሪካን ተገልብጣ መጥታ እንኳ ጠብ አላለባትም። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው እያለቀሰ ነበር።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ሠልስቱ ሳይወጣ ፖርቶ መጋላውን ፈታሁ። ቀዳዳዎቹን በብየዳ ደፈንሁ፣ ሞረድሁ፣ ቀለም ቀባሁ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ከዚያ ወዲያ ያች ጣራ ጠብታ አስገብታ አታውቅም። ለቀስተኞቹ ድንኳኑ ውስጥ ሆነው፣ «አይ ይስማው! ወልደው ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርግላቸዋል?» ይሉ ነበር አሉ። እኔም ይህን ሰምቼ የቀረበልኝን ንፍሮ ቆረጠምሁ።

አያ ላቀው ጫማ ማድረግ ተዉ። ጸበል በመርገጤ ነው የቀጣኝ አሉ። የንስሐ አባታቸው፣ «ሳያውቁ ያደረጉት ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው» ብለው ቀኖና ሰጧቸው፤ ቀኖናቸውን ጨርሰውም አልተጽናኑ። መኪናዋን ሸጡ። ባዶ እግራቸውን፣ በክረምት በጭቃው፣ በበጋ በጋለው አስፋልት፣ ከባጃጁና ከጋሪው መካከል እየተሹለከለኩ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በሥራ ቦታዬ ያልፋሉ። «እንዴት ዋልህ ልጄ?» ይሉኛል። ጉዴን ስሙ፤ ጫማ ገዝቼ ወሰድሁላቸው! እኔ! በሁለት እጃቸው ተቀብለው አዩትና መለሱልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ይስማው። ይኼ እግር ግን ጫማ አይገባውም።»

እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ። ሊሞቱ ሲሉ አስጠሩኝ። ከእግራቸው በኩል ቆምሁ። ተረከዛቸው ጣት እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል።

«አንተ የብረት ሰው ነህ» አሉኝ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያ ውኃ የእውነት ጸበል ነበር?»

ከዚህ በላይ ማን ይለምነኛል? በገዛ አፋቸው በሩን ከፈቱልኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ፈርቼ ነው እንዳልላችሁ፣ የሚሞት ሰው ምን ያደርገኛል? ሚስታቸው ሞተው፣ መኪናዋ ተሸጣ፣ ባለሙያ መባሉም ሰልችቶኝ ነበር። ታዲያ ምን ነበር የያዘኝ? እስካሁን አላውቀውም።

«እግዜር ያውቃል አያ ላቀው» አልሁ።

ዓይናቸውን ከደኑ። «እንግዲያስ ጥሩወርቅን የገደልኋት በእግሬ ነው» አሉ። በማግሥቱ ቀበርናቸው። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ።

አሁን ሰማችሁኝ። ከእናንተ መካከል ልቡ ራርቶ «እግዜር ይፍታህ» ሊለኝ የቃጣው ካለ ይቆይ። እኔ ሳልፈታ ብቀር የሥራዬ ነው። መፈታት የሚገባቸው ያልሠሩትን ኃጢአት ተሸክመው መቃብር የወረዱት ሰው ናቸው። ቢሰሙኝም ባይሰሙኝም፣ ያን ቀን ከእግራቸው በኩል ቆሜ የዋጥኋትን ቃል ይኸው ዛሬ እላታለሁ። አያ ላቀው፣ የረገጡት ጸበል አይደለም። የዝናብ ውኃ ነበር፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።