በፎርሙ ላይ ደምበጫ ብዬ ሞላሁ

ይህ ነገር ከገጠመኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዛሬም ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ሲወራ ከሰማሁ ደሜ ይፈላል።

ደብረ ማርቆስ የታሪክ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በቤተሰቤ ታሪክ ላይ ልጽፍ ስነሣ አማካሪዬ፣ «ጎጃምን በሙሉ ልትዞሪ ነው? አንድ ወረዳ ምረጪ። የርዕስ ፎርሙ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ይቀየርልኝ ብሎ ነገር የለም» አለኝ።

አባቴን ጠየቅኩት። «እኛ እኮ የደምበጫ ሰዎች ነን፤ ይሄም ይጠየቃል?» አለኝ ቆጣ ብሎ። የእሱ አባት፣ አያቴ ቢያድግልኝ፣ ወደ ማርቆስ የመጣው ከደምበጫ ነው ሲባል ሰምቶ አድጓል። አያቴ የሞተው አባቴ ገና ልጅ ሳለ ስለሆነ ከዚያ በላይ አያውቅም። እኔም ደስ ይበለው ብዬ ደምበጫ ብዬ ሞላሁ፤ ተፈረመ።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ሦስት ቅዳሜ በሚኒባስ ተመላለስኩ። ገበያ ውስጥ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እያስቆምኩ፣ «ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» እላለሁ። «የማን ልጅ? የየት ቀበሌ?» ይሉኛል። እኔ የማውቀው ስሙን ብቻ ነው። አንዱማ ፈረሱን እየሳበ፣ «ልጄ፣ ሰውዬው ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምትፈልጊው?» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀብኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ተስፋ ቆርጬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት መሪጌታ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘሁ። እሳቸውም አላውቀውም አሉኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«ቆይ እስቲ» አሉ፤ «ይሄ የዓለም ስሙ ነው። የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

አፈርኩ። የታሪክ ተማሪ ነኝ ባይዋ ሦስት ሳምንት ስዞር ይህን አልጠየቅኩም። እዚያው ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ። «ወልደ ሚካኤል» አለኝ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «ወልደ ሚካኤል! የጉንደ ወይኑ!»

«ኧረ የደምበጫ ነው» አልኩ።

«ምን የደምበጫ! ለቅኔ ትምህርት የመጣ ነው እንጂ። አራት ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ጎጆ ኖረን፣ ኋላ ወደ ማርቆስ ሄደ። ዘመዶቹ ሁሉ ጉንደ ወይን ናቸው።»

ጉንደ ወይን ሌላ ወረዳ ነው፤ የተፈረመው ፎርም ዓይኔ ላይ መጣ። የደከምኩት ሁሉ ከንቱ ሆኖ ታየኝ። በአባቴም፣ በአማካሪዬም፣ በራሴም ተናደድኩ።

«ለመሆኑ ደኅና ነው?» አሉኝ መሪጌታ።

«ኧረ ሞቷል! ሠላሳ ዓመት አልፎታል» አልኳቸው፣ ስልኬን እንደያዝኩ።

«እኔ እኮ በጸሎት የማነሣው እስከ ዛሬ ከሕያዋን ጋር ነበር» አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አማካሪዬ ወረዳውን አልቀይርም ብሎ ድርቅ አለ። ስለ አያቴ አራት የተማሪነት ዓመታት የጻፍኩት ሦስት ገጽ አልሞላም፤ «መረጃው ያንሳል» ተብሎ በቀይ ተጻፈበት። እንደ ምንም ተመረቅኩ።

ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ፎርሙ አይደለም። በአገራችን መርዶ ሲነገር ሰው ተጠርቶ፣ ተቀምጦ፣ ቀስ ተብሎ ነው። በደምበጫ አያቴን የሚያስታውሱ አንድ ሰው አገኘሁ፤ ለእሳቸውም መርዶውን የነገርኳቸው ቆሜ፣ በቁጣ ነው።