የስቶክዌሉ ቀጋ

እትዬ ተናኘወርቅ ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር ካለው ቤታቸው ጥቁር ልብስ አያስገቡም፤ ካልሲም ቢሆን። ልጃቸው ማኑሄ በቀይ ሽብር ጊዜ ከደጃፋቸው ተወስዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። «ጥቁር ከለበስኩ በገዛ እጄ ገደልኩት ማለት ነው» ይላሉ። ደርግ ወድቆ ስንቷ እናት የልጇን አጽም ለቅማ ስትቀብር፣ እሳቸው አሻፈረኝ አሉ።

ጓሯቸው መሀረብ ብታክል ነው። ጎረቤታቸው የዱር ጽጌረዳ ችግኝ ሰጠቻቸውና ተከሉ። ሲያብብ ክው አሉ፤ ያገራቸው ቀጋ ቁርጥ! ማኑሄ በልጅነቱ ፍሬውን በኪሱ እየጠቀጠቀ ስንት ሱሪ አበላሽቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ቀጋውን መቀስ አላስነኩትም። ፍሬው ብርዱን ሙሉ ለወፎች ይቀራል፣ የረገፈው ቅጠል አይጠረግም፣ ከሥሩ ቡጢ የምታክል የፈረንጅ ጃርት ገብታበታለች። ሲመሽ ቅጠሉ ኮሽ ባለ ቁጥር እትዬ መስኮቱን ከፍተው «ማኑሄ?» ይላሉ። ጃርቷ መሆኗን አጥተውት አይደለም። ግን ይጣራሉ።

ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት፣ አንድ የኅዳር ማለዳ ገና ሳይነጋጋ፣ እትዬ ሦስት ሰዎች ከአጥሩ በር ላይ ቆመው አዩ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ኪዳነማርያም፣ ሚስቱ ሮማንወርቅና ሽማግሌው አቶ እንግዳወርቅ። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ አንዳቸውም አይናገሩም። ሐበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ደጅ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ለመርዶ ነው።

እትዬ በሩን በርግደው ወጡ። «ማኑሄ! ወይኔ ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ሮማንወርቅ ነገሩ ሳይገባት አቅፋቸው አለቀሰች።

«እትዬ፣ ማን ምን ነገረዎት?» አለ ኪዳነማርያም ደንግጦ።

«እናንተው ናችኋ!»

«ኧረ እኛስ...» የያዘውን የአትክልት መቀስ ከኋላው ደበቀ። «ሂትሮው ኤርፖርት ሥራ ሳልገባ ብዬ ነው በጠዋት የመጣነው። ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር የሚሆን ከቀጋዎ ቅርንጫፍ ልንለምን። የሚተከለው አሁን፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው።»

እፎይ ማለት ነበረባቸው። ማንም ሞተ አላለም፤ ካፖርቱም ቢሆን የለንደን ብርድ ያመጣው ነው። እፎይታው ግን አልመጣም። ስንት ዓመት አፍነው የያዙትን አፋቸው አውጥቶታል፣ ተመልሶ አይገባም። እስኪወጣላቸው አለቀሱ።

«ቁረጡ፣» አሉ በመጨረሻ። «ፍሬውን ግን ለወፎቹ ተዉላቸው።»

ከዚያ የሮማንወርቅን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ ጥቁር ልብስ ታውሺኛለሽ? እኔ ቤት የለም።»