ሳንሱር የቆረጠው ንግግር

አጎቴን ከቀበርን አርባ ቀን ሞላን። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ፒያሳ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ። ሳንሱር "ይውጣ" ያለውን በገዛ እጃቸው በመቀስ ይቆርጡና፣ በዕረፍት ቀናቸው ኮልፌ ግቢያችን ተቀምጠው "የጎደለውን ልሙላላችሁ" እያሉ ለጎረቤቱ ይተርኩ ነበር።

አንድ ጊዜ ስለ ጋዜጠኛ የሚናገር የጣልያን ፊልም መጣ። ሰውዬው የሚኒስትርን ግፍ ጽፎ ይከሰሳል። ፍርድ ቤት ቆሞ የተናገረው በሙሉ ይውጣ ተባለ። አጎቴ ጣልያንኛ ያውቁ ስለነበር ንግግሩን ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በአማርኛ እጃቸውን እያወራጩ አሰሙን። ግቢው በሙሉ አጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን የጸጥታ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። ካጨበጨብነው አንዱ ተናግሮባቸዋል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ከወራት በኋላ ሲፈቱ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። የእያንዳንዱን ሰው ፊት አዩና "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ግቢ ወጥተው አልተቀመጡም። ያን ንግግር የደገመም የለም፤ እኔም ቃሉ ጠፍቶብኛል።

ሊያርፉ ሰሞን አልጋቸው አጠገብ ሆኜ፣ "ጋሼ፣ ያ ጋዜጠኛ ምን ነበር ያለው? ልጻፈው" አልኳቸው።

"በሩን ዝጊው" አሉኝ።

ዘጋሁት። ዓይናቸው እኔ ላይ ብዙ ቆየ።

"አንቺስ ለማን ልትነግሪ ነው?"

እናትና አባቴ ሞተውብኝ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። በማግስቱ አረፉ።

አሁን ባዶው ክፍል ገብቼ እቀመጣለሁ። "ለማንም ጋሼ፣ ለማንም" እላለሁ።