እትዬ የሺ ያልጠጡት ውኃ

በነርስነት ሥራ የጀመርኩት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ከአንኮበር በመጣሁ በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ አንዲት በሽተኛ ከአልጋዋ ሳትነሣ አንሶላ እንድቀይር አዘዙኝ። ሁለቴ አስጮህኳት። አፍሬ ቆምኩ። «እፍረትሽን ቤትሽ ይዘሽ ግቢ፤ አሁን እንደገና ሞክሪ» አሉኝ።

እትዬ የሺ የመጡት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን ባለው መጠለያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ፊት ለፊት ያያሉ እንጂ በጎን የሚመጣ ሰው አይታያቸውም። ጎረቤቶቻቸው ሰላምታ የማትመልስ ኩራተኛ ይሏቸው ነበር።

አዲስ አበባ ተልከው ሲመረመሩ ከአንጎል ሥር፣ አተር ከምታህል ዕጢ አጠገብ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ተገኘ። ካንሰር አይደለም፤ የዓይን ነርቭን ግን ተጭኖ በጎን እንዳያዩ አድርጓቸዋል። ሐኪሞቹ በአፍንጫ በኩል ገብተው ፈሳሹን አወጡላቸው። ከቀናት በኋላ ለማገገም ወደ እኛ ተመለሱ።

«አይናፈጡ፤ ጎንበስ አይበሉ፤ ከባድ አያንሡ። ከአፍንጫዎ ውኃ የመሰለ ነገር ከወረደ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«እሺ እህቴ።»

ሌላው በሽተኛ ሁሉ አስታማሚ ነበረው። የእሳቸው አልጋ አጠገብ ማንም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ስማቸውን ስጠይቃቸው የድሮ መንደራቸውን ስም ነገሩኝ። ዶክተሩ የጠጡትን የምጽፍበትን ወረቀት አየና፣ «ሲስተር፣ ይህን ሁሉ ውኃ ጠጥተው እንዴት እንዲህ ደረቁ?» አለ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠጥተዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ አዎ ይላሉ፤ እጽፋለሁ። ሽንት ቤትም ራሳቸው ስለሚሄዱ አልለካሁም። ለካ የሰውነትን ውኃ የምትቆጣጠረው ያቺ ዕጢ በቀዶ ሕክምናው ስለተነካች ሽንቱ ያለ ልክ ይወጣ ነበር።

ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ሽንቱን የሚቀንስ መድኃኒትም ተጀመረ። በማግስቱ ነፍስ ሲዘሩ አልጋው ሥር ያለውን የመጠጥ ውኃ ጀሪካን አየሁት። ከአፉ ጥቂት ብቻ ጎድሏል።

«ለምን አልጠጡም?»

«ጎንበስ አትበዪ ብለሽኝ የለ?»

«ታዲያ ሰው አይጠይቁም?»

«የዚህኛው አልጋ አስታማሚ ልጅ ሁለቴ ቀዳችልኝ። ሦስተኛውን ማስቸገር አፈርኩ፤ አንቺ ስትጠይቂኝም አዎ ማለቱ ቀለለኝ።»

ወጥቼ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ተቀመጥኩ። እኔም ቤቴን ከዘጋሁ የሚያንኳኳ የለኝም። ሲያመኝ ውኃ የሚያቀብለኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ያንን እያወቅሁ ነው እሳቸውን ማን ያቀብልዎታል ብዬ ያልጠየቅኋቸው።

ጥፋቴን ለዶክተሩ ነገርኩት። «መዝገባቸው ላይ ጻፊው» አለኝ። በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ሊወጡ ሲሉ በግራ በኩል ስጠጋ፣ ሳይዞሩ «መጣሽ?» አሉኝ። አዩኝ ማለት ነው። የሚወስዳቸው ሰው ስላልመጣ እስከ ባጃጅ ሸኘኋቸው። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ባጃጇ እስክትታጠፍ ቆሜ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ለአዳዲስ ነርሶች የምለው ይህን ነው። ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሰው የጠጣውንና የሸናውን ለኩ እንጂ ከአፉ ሰምታችሁ አትጻፉ። ውኃውን ማን እንደሚያቀብለው ግን ጠይቁት። ማንም ከሌለው እናንተ አቀብሉት።