ወለሉ የሚታይ ውሃ

ከዚህ በፊት የጻፍኩት ነገር ቢኖር የትምህርት ቤት ፈተና ብቻ ነው፤ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ስለ ራሴ ጽፌ አላውቅም፣ አውርቼም አላውቅ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። ለውድድር ውጭ አገር በሄድኩ ጊዜ አንድ ክፍል አብራኝ ያደረችው ሯጭ ሰሞኑን ደውላ «አፍሽ እምቢ ካለሽ ጻፊው፤ ወረቀት አያፈጥብሽም» አለችኝ። ለእሷ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። ወረቀትም እንደሚያፈጥ የገባኝ አሁን ስቀመጥ ነው።

የምጽፈው ስለ ፍርሃት ነው።

ያደግኩት ደጋው በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። ከቤታችን ጓሮ ትንሽ እልፍ ካሉ መሬቱ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። በጣም ርቆ፣ ታች፣ ድብ ባሕር የምትባለው ትንሽ ከተማ ትታያለች። ቤቶቹ የተበተነ ጠጠር ይመስላሉ፣ አስፋልቱ ደግሞ አንድ ሰው ጥሎት የሄደ ጥቁር ክር። ምንጫችን ከጫፉ በታች ስለሆነ ውሃ የምንቀዳው በገደሉ ወገብ ላይ በምትሄድ ቀጭን መንገድ ነው። በዚያች መንገድ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሥርዓት አለ። ጭነት የያዘ ከብት ያልፋል፣ ሌላው ቆሞ ያሳልፋል። ጀሪካኑ ጀርባችን ላይ ስለሚሆን ድንጋዩን መደገፍ አንችልም። ስለዚህ ፊታችንን ወደ ድንጋዩ አዙረን፣ ጀርባችንን ለገደሉ ሰጥተን እንቆማለን።

ልጅ ሆኜ አንድ ቀን መሐል መንገዱ ላይ ቁልቁል አየሁ። እጄ የጨበጠውን ሣር አልለቅም አለ። ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ እህል የጫነች አህያ እየነዱ መጡ።

«ምነው ቆምሽ ልጄ?»

«አያ፣ መሄድ አቃተኝ።»

«መመለስስ?»

«እሱም አቃተኝ።»

«እንግዲያ እዚሁ ጎጆ ልንቀልስልሽ ነዋ!» ብለው ሳቁ። «ይችን አህያ እያት። ካንቺ ይልቅ እሷ ልብ አላት።»

እናቴ ከኋላዬ ነበረች። አልሳቀችም። ትከሻዬን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ድንጋዩ አዞረችኝ። «አትዪው» አለችኝ በጆሮዬ። «ካየሽው ይጠራሻል። ጀርባሽን ስጪው።» አህያዋ ጀሪካኔን ታክካ አለፈች። እኔ አፍንጫዬ ሥር ድንጋዩ ላይ የበቀለች አንዲት ትንሽ ቅጠል እያየሁ ቆየሁ። ያች ቅጠል እስካሁን ትታየኛለች።

ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ጎንደር አክስቴ ዘንድ ገባሁ። አክስቴ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ እኔን የመዋኛ ገንዳው ፎጣ ላይ አስቀጠረችኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ አሰልጣኝ የዩኒቨርሲቲ መምህራንንና የሐኪሞችን ልጆች ዋና ያስተምራል። እኔ ፎጣ እያጠፍኩ ከርቀት አያለሁ። እጃቸውን ሲያነሱ የኔም ትከሻ ሳላውቀው ይነሳል። አንድ ቀን አሰልጣኙ ይህን አይቶ ኖሮ፣ «አንቺ፣ ፎጣውን ከምታስዋኚው ለምን ራስሽ አትገቢም?» አለኝ። በሐፍረት መሬት ልገባ ነበር። ግን ሰኞ ሰኞ ገንዳው ለእንግዳ ዝግ ነው፤ ሰኞ ገባሁ።

ወደድኩት። ውሃ ውስጥ ማንም አያናግርም፣ ማንም መልስ አይጠብቅም። የመዋኛ ልብሱ ያሳፍረኛል፤ ውሃው ግን ቶሎ ይሸፍነኛል። የሆቴሉ ውሃ አረንጓዴ ቢጤ ነው፤ እጄን ወደታች ስሰድ ጣቶቼ እንኳን ይደበዝዙብኛል። ጥልቁ በኩልም ስዋኝ ፈርቼ አላውቅም። ለኔ ውሃ ማለት ላዩ ብቻ ያለ፣ ታች የሌለው ነገር ነበር።

ቆይቶ አሰልጣኙ አዲስ አበባ ወስዶ አስፈተነኝ። ፈተናው የነበረው ከመሬት በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ነው። እንፋሎቱ አጠገቤ ያለችውን ልጅ እንኳን አያሳይም። ቀደምኳት። ብዙ ሴት ዋናተኛ የለንም፤ ስለዚህ የብዙ አገር ስፖርተኞች በየዓይነቱ ወደሚወዳደሩበት ትልቅ ውድድር፣ ለሃምሳ ሜትር ነጻ ቀዘፋ፣ እኔ ተመረጥኩ።

አሰልጣኙ ከመሄዳችን በፊት አስቀምጦ አነጋገረኝ። «ስትመለሺ ፎጣው ይብቃሽ» አለ። «ትንንሾቹን ሴቶች ልጆች አንቺ ታስተምሪያቸዋለሽ። ሥራ አስኪያጁ እሺ ብሏል። እናቶቻቸውም ሴት አስተማሪ ይሻላል እያሉ ነው።»

ደስታዬን የት ላስቀምጠው?

«ግን መጨረስ አለብሽ። አንደኛ ውጪ አላልኩም። ውድድሩን እዚህ በስልክ ያዩታል። መሐል ላይ የመስመር መለያውን ገመድ ይዛ ለቀረች ልጅ፣ ልጁን አምኖ የሚሰጥ ወላጅ የለም።»

ለእናቴ በስልክ «ለአገር ልወዳደር ነው» አልኳት። እልል አለች። ሩጫ መስሏት ነው። ከኛ አገር ሴት ልጅ ለሌላ ምን ትሄዳለች? ሳላርማት ስልኩን ዘጋሁ።

እዚያ በደረስን ማግስት ለልምምድ ገንዳው ጋ ወሰዱን። ቤቱ ከካቴድራል ይሰፋል። ገባ ብዬ ውሃውን ፈለግኩት፤ አጣሁት። መጀመሪያ ያየሁት ባዶ ጉድጓድ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ዘለለና ጉድጓዱ ተንቀጠቀጠ። ውሃው ነበር። እንደ መስታወት ጠርቶ እስከ ታች ወለሉ ድረስ ይታያል። ዋናተኞቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ፤ ጥላቸው ከሥራቸው በጣም ርቆ መሬት ላይ ይሄዳል። ወለሉ ላይ የተሳለው ጥቁር መስመር ደግሞ ከጓሯችን ጫፍ የማየው አስፋልት ነው። ራሱ ነው።

በመሰላሉ ወረድኩ፤ እስከ አንገቴ ገባሁ። ፊቴን ነከር አድርጌ ዓይኔን ስገልጥ ሁለት እጄ ጠርዙን ያዘ።

«ምን ሆነሻል?» አለ አሰልጣኙ ከላይ ጎንበስ ብሎ።

«ጋሼ፣ ገደል ነው።»

«ምን?»

«ገደል ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። «ስሚኝ፤ ውሃ ነው። አንሳፍፎ ይይዝሻል። አትወድቂም።»

አውቃለሁ። እንደማልወድቅ ጭንቅላቴ ያውቃል። ያላወቀው እጄ ነው። «እሺ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዋኚ» አለኝ። ጨፍኜ ሞከርኩ፤ መስመር የሚለየው ገመድ ላይ ተላትሜ ክንዴ ተላጠ። የሌላ አገር አሰልጣኝ አንዲት ሴትዮ ለኛ ፎጣ ይዛ መጣች። አሰልጣኜ ፎጣውን ተቀብሎ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። አለመቆጣቱ ከቁጣ ይልቅ አስፈራኝ። ስለኔ ቃል የገባው እሱ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም እናቶቹም የሚጠይቁት እሱን ነው።

በውድድሩ ቀን ቁርስ ላይ አብራኝ የምታድረው ሯጭ እንቁላሏን እየበላች ታየኛለች። የአርሲ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«እናንተ ጎንደሬዎች ውሃ የምታዩት ለጥምቀት ብቻ አይደል? ምን አስጀመረሽ?»

ሳህኔን ገፋ አደረግኩ።

«በይ ብዪ። ባዶ ሆድሽን ከሰመጥሽ ማን ያወጣሻል?» አለችና፣ እኔ እንጀራ እንዳነቀው ሰው ስሆን አይታ ደነገጠች። «ኧረ ስቀልድ ነው! አንቺ፣ እየቀለድኩ ነው እኮ!» ተነስታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄን ያዘች። «እጅሽ በረዶ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ተወዳዳሪዎች የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ረጃጅም ናቸው። ትከሻቸውን ይመታሉ፣ እግራቸውን ያራግፋሉ። እኔ ፎጣዬን እስከ አገጬ ጠቅልዬ ማተቤን ጨብጫለሁ። ስማችን ተጠራ። ወጣን። ሕዝቡ እንደ ዝናብ ይጮሃል። የመነሻው መቆሚያ ላይ ስወጣ ውሃው ከበፊቱም ይበልጥ ራቀ፤ ከላይ ሆኜ እስከ ታች የማየው ነገር ሁሉ አየር ነበር። ወርጄ እንዳልሄድ ያደረገኝ ድፍረት አይደለም። ሰው ሁሉ እያየኝ መውረድ ከመዝለል ይልቅ አሳፈረኝ።

የመነሻው ድምፅ ተሰማ፤ ዘለልኩ።

መጀመሪያ አረፋ ብቻ ነበር፤ ነጭ፣ እንደ እንፋሎቱ። ጥሩ ነበር። እጆቼ ሠሩ፣ እግሮቼ ሠሩ። ከዚያ አረፋው ኋላ ቀረና ከሥሬ ተከፈተ። ጥቁሩ ክር። የራሴ ጥላ፣ ታች ወለሉ ላይ፣ ትንሽ፣ ብቻውን። እጄ መቅዘፉን ተወ። ትንፋሽ ልስብ ስል ውሃ ገባብኝ። ሌሎቹ ሄደዋል፤ የእግራቸው ማዕበል ብቻ ይመታኛል። ገመዱ አጠገቤ ነው። እጄ ወደ ገመዱ ሲሄድ አየሁት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከያዝኩት አበቃ። ፎጣው፣ ትንንሾቹ ልጆች፣ አሰልጣኙ ሥራ አስኪያጁ ፊት የሚቆምበት አኳኋን፣ ሁሉም።

ማሰቤን አላስታውስም። ትከሻዬ ግን አንድ ሰው ይዞ እንዳዞረው ሁሉ ዞረ። ፊቴ ወደ ላይ፣ ጀርባዬ ወደ ታች ሆነ።

ጣሪያው ታየኝ። ብረትና መብራት። አየር ሳብኩ። ገደሉ እዚያው ነው፣ ከጀርባዬ ሥር፣ አውቃለሁ፤ አላየሁትም እንጂ። ፍርሃቱ አልሄደም። እንደ ጀሪካን ጀርባዬ ላይ ሆነ፤ ይከብዳል፣ ግን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ለጨዋታ እንደማደርገው በጀርባዬ መቅዘፍ ጀመርኩ። እንደዚያ መዋኘት ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም። አሁን ያስወጡኛል፣ አሁን ፊሽካ ይነፋል እያልኩ፣ ጣሪያው ላይ አንዲት የጠፋች አምፖል በዓይኔ ይዤ ቀዘፍኩ፤ ስታልፈኝ ሌላ ነገር ያዝኩ። ጩኸቱ ተቀይሮ ነበር። ጭብጨባ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ጭንቅላቴ በኃይል ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ደረስኩ።

ሌሎቹ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቁኝ ነበር። በአጠገቤ መስመር የነበረችው ልጅ እጇን በገመዱ ላይ አሳልፋ እጄን ነካችኝ፤ የምትለውን አልሰማሁም።

አሰልጣኙ በሩጫ መጣ። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አወጡኝ?»

«ለምን ያወጡሻል?»

«በጀርባዬ ስለዋኘሁ።»

«ነጻ ቀዘፋ እኮ ነው! እንደ ፈለግሽ መዋኘት ትችያለሽ። አልነገርኩሽም?» አልነገረኝም ነበር። እሱም ያኔ ትዝ አለው መሰለኝ፣ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «መጨረሻ ወጣሽ፤ ግን ጨርሰሻል፤ ሰዓትሽ ሰሌዳው ላይ አለ» አለና ድምፁ ተሰበረ። ሰሌዳውን አላየሁም።

ዛሬ ሆቴሉ ውስጥ ፎጣ የምታጥፈው ሌላ ልጅ ናት። እኔ ትንንሾቹን ሴቶች ልጆች መጀመሪያ በጀርባቸው መንሳፈፍ አስተምራቸዋለሁ። አንዳንድ እናቶች ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ይጠይቁኛል፤ እኔም ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

በዚያ የውድድር ቀን፣ ሁሉም ሲወጣ፣ ፎጣዬን ለብሼ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ። አሰልጣኙ ስልኩን ሰጥቶኝ ራቅ ብሎ ቆሟል። የእናቴ ስልክ ኔትወርክ የሚያገኘው ከጓሯችን ወዲያ፣ መሬቱ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይጮሃል።

«ልጄ! ሩጫው አለቀ?»

«እማ፣ ሩጫ አልነበረም። ዋና ነው። ውሃ ውስጥ ነው የተወዳደርኩት።»

«ውሃ? የምን ውሃ? ጥልቅ ነው?»

«ጥልቅ ነው እማ። እስከ ታች ይታያል። እንደኛ ገደል ነው።»

«ወይኔ ልጄን! ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ጀርባዬን ሰጠሁት።»

«ሸጋ» አለች ቀስ ብላ። «ሸጋ አረግሽ። አሁንስ የት ነሽ?»

«እዚያው ነኝ። ጠርዙ ላይ ቁጭ ብያለሁ።»

«ምነው ልጄ! ምነው! ተነሺ ከዚያ፣ ከጫፉ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ!»