የመስቀል ማግስት ጎማ

እስኪ እናንተው ፍረዱኝ። ልጆቼ አደይ አበባን በፖስት ካርድ ላይ ብቻ እንዳያውቁት ብዬ፣ ለመስቀል ከባሕር ዳር ተነሥቼ አርብ ገበያ ከተማ አጠገብ ወዳለው አጎቴ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ደመራው ነደደ፤ ሰንጋው ተጣለ፤ ልጆቹም እሸት ባቄላ እየፈለፈሉ ሲቦርቁ ዋሉ።

በማግስቱ ልንመለስ ተነሣን። ወጣ ብዬ ሳይ መኪናዬ አንድ ጎማዋ ተፈቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች! ትርፍ ጎማ አልያዝኩም። ደሜ ፈላ።

"በመስቀል! በዘመድ ግቢ! እናንተ አገር እንግዳ የሚሸኘው እንዲህ ነው?" ብዬ ጮኽኩ።

አጎቴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ "ተው ልጄ፣ ይገኛል። ይልቅ ግባና ቁርስ ብላ" ይሉኛል። ቁርስ! ሰው ተዘርፎ ቁርስ ይበላል?

ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ሁሉም ከንፈሩን ይመጣል፤ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ግን የለም። በመጨረሻ የአጎቴ ነፍስ አባት ብቅ ሲሉ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"አባ፣ ጎማዬን የወሰደውን ሰው ያውግዙልኝ!"

"አይሆንም" አሉ።

"ሌባ እኮ ነው! ለምን አይሆንም?"

መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው እንዲህ አሉኝ።

"አየህ ልጄ፣ ድሮ እንግዳ በበዓል ማግስት ልሂድ ካለ፣ እንዲሰነብት የበቅሎውን ኮርቻ ነበር የምንደብቅበት። ያንተዋ ደግሞ ኮርቻ የላትም። ጎማው ጎተራ ውስጥ ነው። ሲፈቱት መኪናዋን ደግፈው ካነሡት አንዱ እኔ ነኝ፤ ታዲያ ራሴን እንዴት ላውግዝ?"